«ወንድሜ እንዲህ ሆኖ ይቀራል ወይ?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«ዕድሜዬ 31 ነው። አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት እኖራለሁ፤ ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው። የ26 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከአምስት ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ እኛ የማንሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረ፤ የክፍሉ ልጆች ሊያጠፉት እንደ ተማከሩበት እያመነም ትምህርቱን ጥሎ መጣ። ስምንት ወር ጠበል ቆየ፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ስኪዞፍሬንያ ነው ተባለ። ክኒኑን ሲወስድ ድምፁ ጠፋለት፤ ነገር ግን በተሻለው ቁጥር ያቆመዋል፣ ሦስት ጊዜም ተመልሶበታል። አሁን አይጮኽም፣ ማንንም አያስቸግርም። ግን ከጓሮው ክፍል አይወጣም፣ እስከ ቀትር ይተኛል፣ ካልነገሩት ገላውን አይታጠብም፣ ቀኑን በሲጋራ ያሳልፋል። የ63 ዓመት እናቴ «ሚስት ብናመጣለት ይረጋጋል» ትላለች። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እኔን ለመጠየቅ ሽማግሌ ወደ ቤታችን ይመጣል። አጎቴ ሠርጉ እስኪያልፍ ወንድሜ ገጠር ዘመድ ቤት ይቆይ ብሏል። እጮኛዬ ወንድም እንዳለኝ እንጂ መታመሙን አያውቅም። ወንድሜ እንዲህ ሆኖ ይቀራል ወይ? መድኃኒቱስ ማብቂያ የለውም? እውነቱን ብናገር ትዳሬ ይፈርሳል? የምወልዳቸው ልጆችስ?»

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ከአንድ ጊዜ በላይ አነበብሁት። የጠየቅሽኝ አራት ነገር ነው፤ የእኔ ዓይን ግን ከሁሉ በፊት ያረፈው ሳትጠይቂበት ባለፍሽው ቃል ላይ ነው። «ከጓሮው ክፍል አይወጣም» ብለሻል። የወንድምሽ የነገ ሁኔታ የሚወሰነው በሕመሙ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ያቺ ክፍልም ድርሻ አላት። ለምን እንዲህ እንደምል እመጣበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን የመጀመሪያ ጥያቄሽን ሳላድበሰብስ ልመልስልሽ።

ወንድምሽ እንዲህ ሆኖ ይቀር እንደ ሆነ በእርግጠኝነት ሊነግርሽ የሚችል ሐኪም የለም። «በቃ፣ ልጁ አለቀለት» የሚልሽም ሆነ «በስድስት ወር ነቅሎ ይወጣለታል» የሚልሽ ከሚያውቀው በላይ ይናገራል። ይህን ሕመም ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ለይቶ የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፔሊን፣ የያዘው ሰው ከዓመት ወደ ዓመት እያሽቆለቆለ መሄዱ የማይቀር አድርጎ ነበር ያየው፤ ያ አመለካከት እስከ ዛሬም ከብዙ ሰው ልብ አልወጣም። ስህተቱ የመጣበት መንገድ ግልጽ ነው፤ ሐኪም ዘወትር የሚያየው ያልተሻለውን ነው፣ የተሻለው ሰው ወደ ሆስፒታል ምን ሊያደርግ ይመለሳል? ሕሙማኑን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ሲመጡ ግን ሌላ ነገር ታየ። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ለዓመታት ሆስፒታል ተኝተው ተስፋ የተቆረጠባቸው 269 ሰዎች፣ አብዛኞቹም ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መኖሪያና ሥራ እየተፈለገላቸው ወደ ኅብረተሰቡ እንዲመለሱ ተደረገ፤ በአማካይ ከ32 ዓመት በኋላ እየተፈለጉ ሲጠየቁ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በእጅጉ ተሽሏቸው ወይም ድነው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም ዛሬ የሚለው ከሦስት ሕሙማን ቢያንስ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሊድን እንደሚችል ነው።

ይህን ብቻ ነግሬሽ ብተው ግን አታልልሻለሁ፤ ምክንያቱም በገዛ አገራችን የተገኘው ውጤት ከዚህ የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራና አካባቢዋ ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቀው፣ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከተሏቸው። ከአምስት ዓመት ክትትል በኋላ ግማሽ የሚጠጉት ምልክቱ ሳይለቃቸው የቆዩ ሲሆን፣ ምልክቱ ጠፍቶላቸው የዘለቁት ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። አነበብሽና ልብሽ ወደቀ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በይልኝ፤ እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ሲገኙ ከመካከላቸው ከዚያ በፊት ዘመናዊ መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር። ብዙዎቹ ሕክምና ሳያገኙ ዓመታት ያስቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ የቡታጅራው ቁጥር የሕመሙን ጭካኔ ብቻ ሳይሆን የብቸኝነትንና የዘገየ ሕክምናን ዋጋም ይነግረናል፤ የወንድምሽ ዕጣ ፈንታ አድርገሽ አታንብቢው።

ስለ ወንድምሽ የማየው ይህን ነው። ሕመሙ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ በአብዛኛው በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁል መሄዱ በብዙዎች ላይ ይቆማል፣ በጉልምስና ዕድሜም ቀስ በቀስ የሚሻላቸው ጥቂት አይደሉም። እሱ ይህን የከፋ ጊዜ ሦስት ግርሻ ተሸክሞ ሊያልፈው ነው፤ መድኃኒት ሲያገኝ ድምፁ የጠፋለት መሆኑም መልካም ምልክት ነው፣ መድኃኒት እየወሰዱ ድምፁ የማይለቃቸው ብዙ አሉና። ቀጣዮቹን ዓመታት ያለ አራተኛ ግርሻ ማለፍ ከቻለ፣ ዛሬ የምታዪው ወንድምሽ የመጨረሻው መልኩ ነው ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ክፍሏ ልግባ። ስኪዞፍሬንያ በሰው ላይ የሚጨምረው ነገር አለ፣ ከሰው ላይ የሚወስደውም ነገር አለ። የሚጨምረው የሌለ ድምፅን፣ መሠረት የሌለው ጥርጣሬን፣ የተዛባ ንግግርን ነው፤ ጎረቤት የሚያየውና «አበደ» የሚለው ይህን ነው፣ መድኃኒትም በደንብ የሚያስታግሰው ይህንኑ ነው። የሚወስደው ደግሞ ተነሣሽነትን፣ የፊትን ወዝ፣ ጨዋታን፣ የነገን ጉጉት ነው። ይህኛው ድምፅ የለውም፤ ቤተሰብም ስንፍና ወይም ንቀት እየመሰለው «ተነሥ እንጂ! ሰው አትመስልም?» እያለ ይጮኽበታል። መድኃኒቱ ይህን ሁለተኛውን ወገን ብዙም አይነካውም፤ ሰውን ከትምህርት፣ ከሥራና ከትዳር የሚያስቀረው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ እስከ ቀትር ሲተኛ እናቱን ለማቃጠል አይደለም። እግሩ የተሰበረ ሰው ዳገት አልወጣም ቢል እንደማይፈረድበት ሁሉ፣ እዚህም የተሰበረ ነገር አለ፤ የማይታይ ስለሆነ ብቻ ነው የሚፈረድበት።

ይሁን እንጂ እንቅልፉንና ዝምታውን ሁሉ በሕመሙ ላይ መለጠፍም ልክ አይደለም። መድኃኒቱ ከመጠን በላይ አደንዝዞት ሊሆን ይችላል፤ ድባቴ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ትምህርቱ፣ ጓደኞቹና የወጣትነት ዕቅዱ እንዴት እንዳመለጡት ስለሚያውቅ እያዘነም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም የተለያየ መፍትሔ ስላላቸው ሐኪሙ ይለያቸው ዘንድ ያየሽውን መንገር ያንቺ ድርሻ ነው። አራተኛው ምክንያት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጓሮ እንዲገባ የሚደረግ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ምግቡ በሰሐን የሚላክለት፣ ለቅሶ ሲሆን «አንተ ቤት ጠብቅ» የሚባል ሰው፣ ምንም ሕመም ባይኖርበት እንኳ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ይመስል ነበር? ይህን የምለው ቤተሰብሽን ለመውቀስ አይደለም። የደበቃችሁት ስላፈራችሁበት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው እንዳይጠቋቆምበት ስለሳሳችሁለትም እንደ ሆነ አውቃለሁ። ብቻችሁንም አይደላችሁም፤ በዚያው በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 178 ዘመዶች ተጠይቀው፣ ከአራቱ ሦስቱ ቤተሰባቸው በሕመሙ ምክንያት እንደሚገለል የሚሰማቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ከመቶ 37ቱም ነገሩ እንዲደበቅ ይፈልጉ ነበር። መገለልን ፈርቶ የሚደበቀው ሰው ግን በመደበቁ ይበልጥ ይገለላል፤ ለዓመታት ከሰው ያልተነጋገረ ሰው መነጋገሩንም እየረሳው ይሄዳል።

ለዚህም ነው የአጎትሽን ሐሳብ በፍጹም የማልቀበለው። ወንድምሽን ወደ ገጠር መላክ ማለት ከቀጠሮው፣ ከመድኃኒቱና ከለመደው ቤት ነቅሎ ሕመሙን ወደማያውቁ ሰዎች መጣል ነው፤ ለአራተኛው ግርሻ ከዚህ የተመቻቸ መንገድ የለም። ከዚያም በላይ እሱ ይገባዋል። ስኪዞፍሬንያ የሰውን ማስተዋል በየጊዜው ቢያደበዝዝም አያጠፋውም፤ የእኅቱ ሽማግሌ በሚመጣበት ሰሞን ለምን ዘመድ ጥየቃ እንደሚላክ ያውቃል፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ስለ መድኃኒቱ የጠየቅሽኝ ከባድ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ሕመማቸው ያገገሙ 104 ሰዎችን የተከታተለ አንድ የታወቀ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳየው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ 82ቱ ግርሻ አግኝቷቸዋል፤ መድኃኒት ማቆም የግርሻን ዕድል ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ከፍ አድርጎታል። ሦስት ጊዜ አቁሞ ሦስት ጊዜ ለታመመ ሰው፣ በቅርብ ዓመታት ውስጥ መድኃኒቱ ያበቃለታል ብዬ ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም፤ መቀነስ ይቻል እንደ ሆነ ለረጅም ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ያውም ከሐኪሙ ጋር ቀስ እየተባለ የሚታይ ነው። ግን «ለምን ታቆማለህ?» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ በቂ ምክንያት አለው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች ሰውነትን ያገትራሉ፣ እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ አንዳንዴም ቁጭ ብሎ መቆየት እስኪያቅት ውስጥን ያቅበጠብጣሉ፤ እንደ ኦላንዛፒን ያሉት ደግሞ ክብደት ይጨምራሉ፣ የደም ስኳርንም ሊያውኩ ይችላሉ። ወጣት ወንድ ለእናቱም ለእኅቱም የማይነግረው የስንፈተ ወሲብ ችግርም አለ፤ ይህን ከሐኪሙ ጋር ብቻውን እንዲነጋገር ዕድል ስጡት። መጠኑን በማስተካከል ወይም መድኃኒቱን በመቀየር ብዙው ይቃለላል። ክኒን በየቀኑ መዋጥ ከሰለቸው በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ አለ፤ በአገራችን ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የኖረ ስለሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ አንሡት። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ሳያውቅ በሻይ ወይም በወጥ ውስጥ ፈጭታችሁ እንዳትሰጡት። ሊያጠፉኝ ተማከሩ ብሎ ለታመመ ሰው፣ በምግቡ ውስጥ በእርግጥም የተደበቀ ነገር ቢያገኝ ከዚያ በኋላ ማን ሊያሳምነው ይችላል? ጫት የሚቅም ከሆነም ዝም አትበሉ፤ ሕመሙን ያባብሳል፣ ግርሻንም ይጠራል።

እናትሽ ወደ ጠበሉ ሊመልሱት እንደሚፈልጉ ባትጽፊም እገምታለሁ፤ እኔም ከእምነታቸው ጋር ጠብ የለኝም። በጠበል ቦታ ሕመምተኛው ሰው አጠገቡ ይሆናል፣ ይጸለይለታል፣ ተስፋ ይሰጠዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው «ክኒን ከያዝህ ጠበሉ አይሠራልህም» ሲባል፣ ወይም ሰው በሰንሰለት ሲታሰር፣ በጾም ሰውነቱ ሲደክምና ሲመታ ነው። እናትሽን በዚህ ነገር ማሳመን ቢያስቸግርሽ አንድ ነገር አስታውሻቸው፤ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበል ሲገቡ መድኃኒታቸውን እየጣሉ ባስቸገሩ ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ አስተምረዋል። ለዚያ የሠራው ትምህርት ለዚህም ይሠራል። ቄሱን፣ የነፍስ አባታችሁን ማለቴ ነው፣ አንቺ ራስሽ አነጋግሪያቸው፤ ከሐኪም ቃል ይልቅ የእሳቸው «ክኒንህን እንዳታቆም፣ ልጄ» የሚል ቃል እናትሽ ቤት ይሰማል።

«ሚስት ብናመጣለት» የሚለው ሐሳባቸው ግን ይቅር። ከእናት ፍቅርና ከእናት ፍርሃት የመጣ ነው፤ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» ማለታቸው ነው። ትዳር ግን መድኃኒት አይደለም፤ አንዲትን ልጅ ሳታውቅ አምጥቶ አስታማሚ ማድረግም በደል ነው። ወንድምሽ አንድ ቀን አገግሞ፣ ራሱ መርጦ፣ ለመረጣት ነግሮ ቢያገባ እሰየው፤ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ትዳር ይዘው ልጅ ያሳድጋሉ። የእናትሽ ጥያቄ ራሱ ግን መልስ ይፈልጋል፤ ከእሳቸው በኋላ ማን እንደሚከታተለው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚኖር እኅትና ወንድም ተሰብስባችሁ ካሁኑ ተነጋገሩበት። እሳቸው እስካሁን አምስት ዓመት ብቻቸውን አስታመዋል። በወር ጥቂት ቀን እንኳ ሌላ ሰው ተክቷቸው አርፈው እንዲያድሩ ማድረግ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለልጃቸውም ይጠቅማል፤ ሁልጊዜ ቁጣና ልቅሶ የሚሰማበት ቤት ግርሻን እንደሚያፋጥን በብዙ አገር ተጠንቶ የታወቀ ነውና።

ቀጥሎ የምነግርሽን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም፣ ስለዚህ ቆም ብለሽ አንብቢው። ይህ ሕመም የሚገድለው በራሱ አይደለም፤ ሕመምተኛው ግን ከሌላው ሰው አስቀድሞ ይሞታል። ቡታጅራ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ሲከታተሏቸው 121ዱ ሞተዋል፤ ይህም ከአካባቢው ሕዝብ ሞት እጥፍ ያህል ሲሆን፣ የሞቱትም ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ቀርቶባቸው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር፤ ሊታከም የሚችል ነገር ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ የአእምሮ ሕመምተኛ «ደረቴን ወጋኝ» ሲል ቅዠቱ ነው ተብሎ ይታለፋል፣ ሲከሳም «ድሮም አይበላም» ይባላል። ወንድምሽ ሳል ቢቆይበት ይመርመር፤ በዓመት አንድ ጊዜ ክብደቱ፣ ደም ግፊቱና ስኳሩ ይታይ፤ ሲጋራውንም ለመቀነስ ይረዳ። ራስን ማጥፋትም አለ። ተስፋ መቁረጡ የከፋ መስሎ ከታየሽ «መሞት ያምርሃል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው፤ ጥያቄው ያልነበረ ሐሳብ አይተክልበትም፣ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። አዎ ካለሽ ብቻውን ሳትተዪው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

የግርሻውን ምልክትም ቤተሰቡ በወረቀት ይጻፈው። ሦስት ጊዜ አይታችሁታል፤ ከመጮኹ በፊት ባሉት ሳምንታት ምን ነበር? እንቅልፍ ማጣት? ሬዲዮ ማጥፋት? ምግብ እያሸተተ መተው? በየሰው የተለያየ ቢሆንም በአንድ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው የሚመላለሰው። በተሻለው ጊዜ ከራሱ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉት፤ «ይህን ስናይ ወደ ሐኪም እንድንወስድህ ፈቅደሃል» ተባብላችሁ ተስማሙ። እሱ የተስማማበት ውል ከመቶ ልመና ይበልጣል።

ወደ ሥራና ወደ ሰው ስለመመለስ የምመክርሽ ከባዶ ሜዳ አይደለም። በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ነበር። ከመካከላቸው ለተወሰኑት ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሥራ፣ ከጎረቤት ጋር ስለ መታረቅ ያግዟቸው፣ ከዕድርና ከሃይማኖት መሪዎች ጋርም ያነጋግሩላቸው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ሰዎች የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በመምራት፣ ሕክምና ብቻ ካገኙት ተሽለው ታዩ። የሚገርም መሣሪያ አልነበረም፤ ሰው ሄደላቸው። እናንተም ይህንኑ በቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ከትልቅ አትጀምሩ፤ ዩኒቨርሲቲ መመለሱ ለጊዜው ይቆይ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተነሥቶ ከእናቱ ጋር ቡና መጠጣት፣ ከዚያ ዳቦ ቤት መሄድ፣ ከወር በኋላ ለሰፈር ለቅሶ ከአንድ የሚወደው የአክስት ልጅ ጋር ድንኳን ገብቶ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ መውጣት ይበቃል። እኛ አገር ሰው በሰውነቱ የሚቆጠረው ለቅሶ ሲደርስና ሲደረስለት ነው፤ የወንድምሽን መዳን ከማንኛውም መለኪያ ይልቅ በዚህ ብለካው እመርጣለሁ። ሲወጣ አንድ ሁለት ሰው ይጠቋቆም ይሆናል፤ በአምስተኛው ጊዜ ግን «እንዴት ነህ?» ይሉታል።

ስለ እጮኛሽ አልረሳሁም። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት አንቺ ራስሽ ንገሪው። በሠርጉ ማግስት ከሰፈር ወሬ ቢሰማው የሚጎዳው ከሕመሙ ይልቅ መደበቁ ነው። አታልቅሺለት፣ አትለማመጪውም፤ «ታናሽ ወንድሜ ከአምስት ዓመት ጀምሮ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት፣ መድኃኒት ይወስዳል፣ ማንንም አይጎዳም፣ እኔም ከሚያግዙት አንዷ ነኝ፣ ካገባሁም በኋላ እሆናለሁ» በይው። የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳትዘያት፤ ነገ በደመወዝሽና በጊዜሽ ላይ የምትመጣ እሷ ናት። ስለ ልጆች ከጠየቀሽ መልሱ ይህ ነው፤ ከማንኛውም ሕዝብ ከመቶ አንድ ያህል ሰው በዕድሜው ይህ ሕመም ያገኘዋል፣ አጎት ወይም አክስት በታመመበት ቤት የሚወለድ ልጅ ደግሞ ዕድሉ ከመቶ ሦስት ወይም አራት ገደማ ነው። ዘጠና ስድስቱ አይታመሙም ማለት ነው። የዘር ድርሻ የለውም አልልሽም፤ ትዳር የሚያስቀር ግን አይደለም። እሱ ይህን ሰምቶ ቢሄድስ? ሊሄድ ይችላል፣ ያምማል፣ አልሸሽግሽም። ነገር ግን ከወንድምሽ ጋር ሊኖር የማይችል ሰው መሆኑን ከፋሲካ በፊት ማወቅሽ ከዓመታት በኋላ ከማወቅሽ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ደግሞም ስትነግሪው «እኛም ቤት አለ» ብሎ ሊመልስልሽ እንደሚችል አትርሺ። ይህን መልስ ያገኙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

አንድ ሰው ግን ከእጮኛሽ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ወንድምሽ። የእሱን ሕመም ለሌላ ሰው ልትናገሪ ነውና ፈቃዱን ጠይቂው። ከፋሲካ በፊት አንድ ቅዳሜ ደሴ ሂጂ፤ ደጃፉ ላይ ቆመሽ ሳይሆን ክፍሉ ገብተሽ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ «ላገባ ነው፣ ስለ አንተ ለሰውዬው ልነግረው እፈልጋለሁ፣ ምን ብዬ እንድነግረው ትወዳለህ?» በይው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሳሎን መቀመጥ ይፈልግ እንደ ሆነ፣ ለሠርጉም ከፈለገ ግርግሩ ሲበዛበት ወጥቶ የሚያርፍበት ቦታና አብሮት የሚሆን ሰው እንደምታዘጋጁለት ንገሪው። ላይመልስልሽ ይችላል። ዝም ካለ አትቸኩዪ፣ ትንሽ ቁጭ በይ፤ በማግሥቱ እንደገና ግቢ።